የካርታው ቡናማ መስመሮች

«ቲቸር፣ እሱ እኮ ኮምቦልቻ አይደለም» አለች ከፊተኛው ዴስክ የተቀመጠች ተማሪ።

ጣቴ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካርታ ነክቶ ቆሟል። ደሴንና ኮምቦልቻን ከነዙሪያቸው የሚያሳይ ትልቅ የመሬት አቀማመጥ ካርታ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር አብሮኝ ስለኖረ ዓይኔን ጨፍኜም ኮምቦልቻን አላጣትም እል ነበር። ለካ በሳምንቱ መጨረሻ ክፍሉ ቀለም ሲቀባ ካርታውን አውርደው ሲመልሱት አንድ ክንድ ያህል ወደ ግራ አርቀው ሰቅለውታል። እኔ ደግሞ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የማሳየው ካርታውን እያየሁ አልነበረም፤ ግድግዳውን ለምጄ ነው። ጣቴ ያረፈው ማንም የማይኖርበት ገደል ላይ ነበር።

ክፍሉ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። እኔም አብሬ ሳቅሁና «ነቅታችሁ እንደሆነ ልፈትናችሁ ብዬ ነው» አልኩ። ውሸቴን ነው። የቀረውን ክፍለ ጊዜ ጀርባዬን ለካርታው ሰጥቼ በቃል ብቻ አስተማርኩ። ደወሉ ሲደወል ብብቴ በላብ ርሷል።

ከዓመት በላይ የደበቅሁት ነገር ነበር። ሰው ፊት ለፊቴ ሲቆም ጆሮዎቹንና ትከሻውን አያለሁ፤ ዓይኑና አፍንጫው ባሉበት ቦታ ግን ጭጋግ ይቀመጣል። ጭጋጉን አልፌ ለማየት ዓይኔን ሳዞር አብሮኝ ይዞራል። የተማሪዎቼን ስም በድምፃቸው እየለየሁ፣ የፈተና ወረቀት ለማረም የቀን ብርሃን ያለበት መስኮት ሥር እየተቀመጥሁ፣ ባጃጅ ስጠብቅ ሌላ ሰው እጁን እስኪያነሳ እየጠበቅሁ ዓመቱን ገፋሁት። የካርታው ጉዳይ ግን በተማሪ ፊት አጋለጠኝ። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

ሐኪሟ ነገሩን ሳታለባብስ ነገረችኝ። «መነጽር ቢቀያየር አይረዳዎትም። ጨርሶ አይታወሩም፤ ዳር ዳሩ እንዳለ ይኖራል። መሀሉ ግን የጠፋው አይመለስም።»

ባለቤቴ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። ማታ ሲገባ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ነገርኩት። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?» አለኝ።

«ከራሴም ደብቄው ነበር» አልኩት።

ትምህርት ቤቱን የሚመራው ርእሰ መምህር ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ነው። እሱም ሲሰማ አዘነ። ቢሮው አስገብቶኝ በሩን ዘጋ። «ቲቸር፣ ላይብረሪው ሰው ይፈልጋል። ደመወዝዎ አይነካም። ትንሽ እረፍትም ይሆንልዎታል» አለኝ።

«እረፍት መች ጠየቅሁ?»

«አውቃለሁ። ግን በሁለተኛው ሴሚስተር የካርታ ንባብ ምዕራፍ አለ። ሱፐርቫይዘሮችም ክፍል ገብተው ያያሉ። ካርታ ሳያዩ ካርታ ማስተማር...» ብሎ አልጨረሰውም። ብዕሩን ከፍቶ ዘጋው። አስተማሪውን የሚያሰናብት ሰው እንዲህ መጨነቁ እኔንም አሳዘነኝ።

«እስከዚያ ድረስ ክፍሌን አትንካብኝ» አልኩት።

«እሺ» አለኝ። «እስከዚያ ድረስ።»

ስልኬ ላይ የነበረው ማጉያ መጀመሪያ ተስፋ ሰጥቶኝ ነበር። የግድግዳውን ካርታ ፎቶ አነሳሁና ቤት ወስጄ በሁለት ጣት ስዘረጋው ፊደሉ የሱቅ ታፔላ አከለ። ደስ ብሎኝ ጮህኩ። ቀጥሎ ግን የት እንዳለሁ ጠፋኝ። አንድ ትልቅ «ሐ» ስክሪኑን ሞልቶ ተቀምጧል፤ የሐይቅ «ሐ» ይሁን የሐረጎ በምን ልወቅ? ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን ነው፣ ሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ መውረጃ ላይ። ልመለስ ብዬ ሳጠብበው ካርታው ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ጉንዳን የፈሰሰበት ወረቀት ይመስለኛል። እንደገና ስዘረጋው ሌላ ቦታ ላይ ያርፋል። ጣቴን ሳነሳ ስዕሉ ይዘላል፤ ሳላነሳ ደግሞ ጣቴ ራሱ የምፈልገውን ነገር ይሸፍነዋል። አንድ ሳምንት ሙሉ ታገልኩት። ራሴን እያመመኝ አልጋ ላይ ጋደም ስል፣ ችግሩ የማጉላት እንዳልሆነ ገባኝ። አጉልቶልኛል። መንገዱን ግን አጥፍቶብኛል።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። ሰው ሁሉ ዓይኔ እንዲበራ ለመነ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሌላ ነገር ለመንኩ። ጌታ ሆይ፣ ዓይኔ ባይሆንልኝ እንኳ ካርታዬን መልስልኝ አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ጸሎቱ እንዳለቀ አንዲት እህት በሩ ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ውስጥ ነው የምትሠራው።

«ኮሌጅ ኮምፒውተር የምታስተምር አንዲት ሴት አለች፤ ስዕል የሚያጎላ አፕ እየሠራች ነው። መጀመሪያ የጨርቅ እንከን ለሚፈትሹ ሠራተኞች ብላ ነው የጀመረችው። አሁን ዓይናቸው የደከመ ሰዎች እንዲሞክሩላት ትፈልጋለች» አለችኝ።

ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር በጠዋቱ ሚኒባስ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

ሴትየዋ የምትሠራው ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ በላይ ፎቅ ላይ በተከራየችው ክፍል ነበር። በሠላሳዎቹ ውስጥ የምትገኝ፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሰው ናት። ከእኔ በፊት የደረሱ አንድ ሽማግሌ ሐጂ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። የአያታቸው አባት ከየመን መጥተው ደሴ የቀሩ፣ ቤተሰቡ ሁሉ በጨርቅ ንግድ የኖረ፣ ፒያሳ ሱቅ ያላቸው ሰው መሆናቸውን ራሳቸው ነገሩኝ።

«ጨርቅ በጣቴ ነበር የማውቀው» አሉኝ። «ሰባት ዓይነት ጥጥ ደርድሪልኝ፣ በጨለማ እለይልሻለሁ። አሁን ግን አስመጪዎቹ ዲዛይኑን በስልክ ፎቶ ነው የሚልኩት። ስልክ ውስጥ ያለ ጨርቅ ደግሞ አይዳሰስም። ባለፈው የወይን ዘለላ ያለበት መስሎኝ ያዘዝኩት ሲመጣ የበግ ጭንቅላት ሆኖ ተገኘ። ወላሂ!»

ሳቅን። ሴትየዋ ሁለት ሰፋፊ ታብሌቶች አምጥታ ፊታችን አኖረች። አፑን በኩራት ከፈተችልን። ከሥር በኩል አሥራ ስድስት ትንንሽ ምልክቶች ተደርድረዋል፤ ቁጥራቸውን የነገረችን እሷ ናት፣ እኔማ አንድ ግራጫ መስመር ነው የታየኝ። እኔ ካርታውን ላጉላ ብዬ ነካሁ፣ ስዕሉ ተገለበጠ። ሐጂ ነኩ፣ ስዕሉ ጠፋ። ሴትየዋ ከኋላችን ቆማ «አይ፣ እሱን አይደለም... ከጎኑ ያለውን... አሁን ወደ ላይ ይሳቡት» እያለች እጇን በትከሻችን ላይ አሻግራ ራሷ ትነካካለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሐጂ ታብሌቱን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስተኙት።

«ልጄ፣ አትቀየሚኝ። ይኼን ያበጀሽው ለሚያይ ሰው ነው። የሚያይ ሰው ደግሞ ምን ያደርግለታል?»

«ሌሎቹ ሁሉ ወደውታል እኮ፣ ሐጂ።»

«ሌሎቹ እነማን ናቸው?»

«የኮሌጅ ተማሪዎቼ» አለች ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። ወንበር ላይ ተቀመጠችና ግንባሯን ያዘች። ሁለት ዓመት የለፋችበት ሥራ ነበር።

የአስተማሪነት አመሌ ተነሳብኝ። «ወረቀትና ወፍራም ማርከር ስጪኝ» አልኳት። ትልቅ ካሬ ሣልኩ፤ ጥጉ ላይ ትንሽ ካሬ፣ ትንሿ ውስጥ ደግሞ አንዲት ነጥብ።

«ካርታ አንባቢ መጀመሪያ ሙሉውን ነው የሚያየው» አልኳት። «የት አገር እንዳለ ሲያውቅ ነው ወደ መንደሩ የሚወርደው። ስለዚህ ጥሩ ካርታ ጥጉ ላይ ትንሽ ካርታ አለው፤ ያለኸው እዚህ ነው ይላል። ያንቺ አፕ ዓይኔን ሸፍኖ መንደር መሀል ጣለኝ። ስታጎዪልኝ ሙሉውን ስዕል ጥግ ላይ ተይልኝ። ያለሁበትን ቦታ በቀይ ክበቢልኝ። ስጠፋ ደግሞ ወደነበርኩበት የሚመልሰኝ አንድ ትልቅ ቁልፍ ስጪኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ባይታየኝም ማስታወሻ ደብተሯን ስትስብ ሰማሁ። «ቲቸር፣ ይድገሙልኝ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜዎቼ ሁሉ ኮምቦልቻ ሆኑ። ሐጂም አልቀሩም፤ እንዲያውም ከእኔ ቀድመው ይደርሳሉ። አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ስንሞክር አታግዢን፣ አትናገሪ፣ እጃችንን ብቻ ተመልከቺ። ለእሷ ይህ ከባድ ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጣ እጇን ከጭኗ ሥር ታደርገዋለች። አንድ ቀን «ሐጂ ሦስት ጊዜ ተሳሳቱ» ብላ ጽፋ አነበበችልን።

«ሦስት ሰው ከአንድ በር ጋር ተጋጭቶ ቢወድቅ ጥፋቱ የማን ነው?» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና «የበሩ» አለች። ሰረዘችና «ቁልፉ ሦስት ጊዜ አሳሳተ» ብላ ጻፈች። ሐጂ በጣም ደስ አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳቱ ቁጥር «ጻፊበት! ይኼ ቁልፍ ደግሞ አበዛው!» ይላሉ።

አሥራ ስድስቱ ምልክቶች አራት ሆኑ፤ እያንዳንዳቸው የክብሪት ሳጥን ያህል ሰፉ። የሚጎላው ክፍል ከጣታችን ሥር መሆኑ ቀርቶ ከጣታችን በላይ እንዲታይ አደረገችው፤ ጣታችን የምናየውን መሸፈን አቆመ። የሐጂ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ስዕሉ አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንዴ ሲነኩት ረግቶ የሚቆም አደረገችው። ጣት ሲነሳ መዝለሉ ግን ብዙ አስቸገራት። አንዱን ሳምንት ተስተካከለ ስትል በሌላው ይዘላል። ሐጂ «አብሽሪ፣ ይገራል» ይሏታል፣ ስለ በቅሎ የሚያወሩ ይመስል።

የተጣላነው በቀለም ነው። አንድ ቅዳሜ የካርታው መደብ ጥቁር፣ ፊደሉ ነጭ የሚሆንበት አሠራር ይዛ መጣች። በእርግጥም የቦታ ስሞቹ አብረቅርቀው ወጡ፤ ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ሐይቅን እየጮህኩ አነበብኩ። ከዚያ መስመሮቹን ፈለግሁ። ካርታ ላይ የመሬቱን ከፍታ የሚነግሩት ኮንቱር የሚባሉ ቀጫጭን ቡናማ መስመሮች ናቸው። ሲጠጋጉ ዳገት፣ ሲራራቁ ሜዳ ነው። አሁን ከጥቁሩ ጋር ተቀላቅለው ጠፍተዋል።

«መስመሮቼን ወሰድሽብኝ» አልኳት።

«ፊደሉ ግን ይነበባል፣ ቲቸር።»

«ፊደሉ የተራራው ስም ነው። ተራራው መስመሩ ነው።»

ደክሟት ነበር መሰል ተነፈሰች። «እንግዲያው አንድ ነገር ላድርግልዎት» አለችኝ። «ስዕሉን ኮምፒውተሩ ራሱ አይቶ ያለውን ነገር በድምፅ እንዲነግርዎት ማድረግ ይቻላል። ማየት አያስፈልግዎትም።»

ቅን ሐሳብ መሆኑን አውቃለሁ። ለብዙ ሰው የሚጠቅም እንደሆነም አውቃለሁ። ግን አንጀቴ ተቃጠለ። «ማየት ነው የምፈልገው!» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ራሴንም አስደነገጠኝ። «ለተማሪ ተራራው የት እንዳለ እንድነግረው አይደለም የምቆመው። እንዴት እንደሚፈለግ ላሳየው ነው። ራሴ ካልፈለግሁት በምን አሳየዋለሁ?»

«ልክ ናት» አሉ ሐጂ። «ጨርቅ ገዢም ነግረሽው አይገዛም። እስኪበቃው ያያል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ያያል።»

ሴትየዋ ታብሌቶቹን ሰብስባ ወደ መደርደሪያው መለሰች። በዚያን ቀን ተኳርፈን ነው የተለያየነው። በሚኒባሱ ስመለስ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ምናልባት አበዛሁት፣ ምናልባት ላይብረሪው ይሻለኝ ይሆናል እያልኩ ዳገቱን ወጣሁ። ለሁለት ሳምንት አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም።

በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ስልኬ ጮኸ። «ቲቸር፣ ነገ ይምጡ። ምንም አልነግርዎትም። ይምጡ ብቻ።»

ስደርስ ሐጂ ቦታቸውን ይዘዋል። ታብሌቱን ሰጥታኝ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ እጇን ከጭኗ ሥር አደረገች። ካርታዬ ተከፍቷል። ከሥር ካሉት ቁልፎች አንዱ አዲስ ነው፤ ላዩ ላይ የቀለም ጠብታ ተሥሏል። ነካሁት።

«የሚፈልጉትን ቀለም ይምረጡ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ መጣ።

አንድ ቡናማ ነገር ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። በአንዴ ሌላው ቀለም ሁሉ፣ አረንጓዴው ደን፣ ጥቁሩ ፊደል፣ ሰማያዊው ወንዝ ገረጣ። ቡናማዎቹ መስመሮች ብቻ ጠቆሩ፣ ወፈሩ፣ ከወረቀቱ ተነሱ። ወደ ምዕራብ ሄድኩ። መስመሮቹ እየተጠጋጉ፣ እየተጠጋጉ ሄዱና አንዱ በአንዱ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጥ ተደራረቡ። ጥግ ላይ ያለችው ትንሿ ካርታ ያለሁበትን በቀይ ከብባልኛለች። ጦሳ ነው። ከደሴ ጀርባ የቆመው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ተራራ፣ ከዓመት በላይ ካርታ ላይ ያላየሁት ተራራ። መስመሮቹን በጣቴ እየተከተልኩ እስከ ጫፉ ወጣሁ።

«ጦሳ» አልኩ። ጉንጬ ረጥቦ ነበር።

«ማሻአላህ!» አሉ ሐጂ። ወዲያው የራሳቸውን ታብሌት ሳቡ። ሁለት የአበባ ዲዛይን ፎቶዎች ነበሯቸው፤ አስመጪው አንድ ናቸው ብሎ የላከላቸው። አረንጓዴውን መረጡ። ቅጠል ቅጠሉን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት።

«አንድ አይደሉም! ይኼኛው ቅጠሉ አምስት ጣት አለው፤ ያኛው ሦስት ነው! አልሐምዱሊላህ! አሁን ይደውልልኝና እንነጋገራለን!»

ሴትየዋ ያን ጊዜ ነው እጇን ከጭኗ ሥር ያወጣችው። ፊቷን ሸፍና ሳቀች፤ ሳቅዋ ልቅሶም ነበረበት። ተነሳሁና አቀፍኳት። «ሁለት ሳምንት አልተኛሁም» አለችኝ በጆሮዬ። «ተራራው መስመሩ ነው ያሉት ነገር አላስተኛኝም።»

አፑን ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ አጠገብ ተቀምጬ የሚነዳበትን መንገድ ካርታው ላይ ፈለግሁ። ቀዩን ቀለም መረጥኩ፤ መንገዱ ወጣ። ቡናማውን ጨመርኩ፤ ዳገቱ ወጣ።

«እስቲ ልንገርህ» አልኩት። «ከሐረጎ ቁልቁል ስትጀምር መስመሮቹ ተጣብቀዋል። መንገዱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ግራ። ከግራው ቀጥሎ መስመሮቹ ትንሽ ይራራቃሉ፤ ደልደል ያለ ቦታ አለ።»

ቀና አለ። «እዚያ ጋ ነው ፍሬኑን የማሳርፈው።»

«ከዚያ እንደገና ይጠጋጋሉ። ከሁሉም የባሰው ይኼኛው መታጠፊያ ነው።»

«ሁለተኛ ማርሽ» አለ። «ከባድ መኪና ከታች እየመጣ ከሆነ እዚያ ላይ ደርቤ አልቀድምም። ይኼ ሁሉ ወረቀት ላይ አለ?»

«አለ።»

ስልኩን ከእጄ ወሰደ። ሃያ ዓመት በመንገዱ ሲመላለስ አንድም ቀን ካርታ አንብቦ አያውቅም። መታጠፊያዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየሄደ ስማቸውን ነገረኝ፤ ሹፌሮች ብቻ የሚያውቋቸው ስሞች፣ በየትኛውም ካርታ ላይ ያልተጻፉ። እኔ መስመሩን አነብለታለሁ፣ እሱ መሬቱን ይነግረኛል። እራታችንን ከቀዘቀዘ በኋላ በላን።

ሱፐርቫይዘሮቹ በመጡበት ቀን ትምህርቱን በኮምፒውተር ክፍሉ አደረግሁት። ስልኬን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘሁ፤ እኔ የማየውን ተማሪው ሁሉ በነጩ ግድግዳ ላይ ያያል። ርእሰ መምህሩ ከኋላ ቆሟል። ሁለት ሱፐርቫይዘሮች ጥግ ተቀምጠዋል፤ ከሁለቱ ትልቁ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው መሆናቸውን ሰምቻለሁ።

ለተማሪዎቼ ነገሩን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። «የዓይኔ መሀል አያይም። ስለዚህ ካርታ የማነብበው በዚህ ነው። ድሮ ካርታ ሲነበብ ምን እንደሚደረግ አስቤ ስለማላውቅ በጥድፊያ አሳልፋችሁ ነበር። አሁን ቀስ ብለን እናነባለን።»

ሙሉውን አየን። ጥጉን አየን። ቀስ ብለን ወረድን። የቦርከናን ወንዝ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ተከተልን። ልጆቹ ከወንበራቸው ተነሥተው እየጮሁ አቅጣጫ ይሰጡኛል። በመጨረሻ ትልቁ ሱፐርቫይዘር እጃቸውን አነሡ።

«መምህርት፣ ከወንዙ በስተ ምሥራቅ ያለችው ትንሽ ኮረብታ ጫፏ ስንት ሜትር ነው?»

ጥያቄው ፈተና መሆኑ ገባኝ። የካርታው ወረቀት እጃቸው ላይ ነው፤ መልሱንም ጽፈው ይዘዋል። ኮረብታዋን አገኘኋት። ቡናማውን መረጥኩ። ቁጥር ካለው ወፍራም መስመር ተነሥቼ፣ በየመስመሩ ሃያ ሜትር እየጨመርኩ ወደ ላይ ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከፍታውን ተናገርኩ።

«ሦስት መስመር ነው» አሉ። «ሃያ ሜትር ጨመሩበት።»

ርእሰ መምህሩ ከኋላ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ። እኔ ግን አልፈራሁም። ያየሁትን አይቻለሁ።

«ልጆች፣ አብረን እንቁጠር» አልኩ። አጎላሁት። ሠላሳ ስምንት ልጆች በአንድ ድምፅ ቆጠሩ። አራት ሲሉ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ።

ሱፐርቫይዘሩ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ግድግዳው ቀረቡ። ወረቀታቸውን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ። የቀለሙን ቁልፍ አጠፋሁላቸው፤ ጥቁሩ ፊደል ተመለሰ። ሦስተኛው መስመር የቦታው ስም በተጻፈበት ሥር ነበር የሚያልፈው። ዓይኑ ጤነኛ የሆነ ሰው ፊደሉን ያያል እንጂ ሥሩ ያለውን መስመር ልብ አይልም። ቁልፉን መልሼ ነካሁ፤ ፊደሉ ገረጣ፣ መስመሩ ወጣ።

«ልክ ነዎት» አሉ። ዞር ብለው ለክፍሉ ደገሙት። «መምህርታችሁ ልክ ናት። እኔ ነኝ የዘለልኩት።»

የልጆቹ ጭብጨባ ኮሪደሩ ድረስ ተሰምቶ ከሚቀጥለው ክፍል መምህር መጥቶ በሩን ከፈተ። ሱፐርቫይዘሩ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ጭብጨባው ሲያበቃ የራሳቸውን ስልክ አውጥተው «ይኼንን ነገር እኔም ልጫነው?» አሉኝ።

ከክፍሉ ስወጣ መጀመሪያ የደወልኩት ኮምቦልቻ ነው። ታሪኩን ሳልጨርስ ሴትየዋ ጮኸች፤ ማስተማሪያ ክፍል ውስጥ እንደነበረች በኋላ ነው የነገረችኝ። ሐጂ ደግሞ ሱቃቸው ሳሉ ስደውልላቸው፣ «አንድ መስመር? ፊደል ሥር?» እያሉ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝና ሱቁ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ አወሩት። ርእሰ መምህሩ ቢሮው ድረስ አልጠራኝም። ኮሪደሩ ላይ አቆመኝና «ለላይብረሪው ሌላ ሰው አግኝቻለሁ፣ ቲቸር» አለኝ። እጄን ጨብጦ ሳይለቅ ቆየ።

የአዲሱ ዓመት የክፍለ ጊዜ ድልድል በተለጠፈ ቀን መምህራኑ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ተጋፍተው ነበር። የሒሳብ መምህሩ ሲያየኝ «ነይ ላንብብልሽ» ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። «ቆይ» አልኩት። ፎቶ አነሣሁ፣ ጥጉን አየሁ፣ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ጂኦግራፊ፣ ዘጠነኛና አሥረኛ፣ አምስት ክፍል፣ ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነው። አንድ መስመር ዝቅ አልኩ።

«ወንድሜ፣ ያንተን አይተሃል?» አልኩት።

«አዎ፣ ሰኞ ስምንት ቁጥር ክፍል።»

«ፊዚክስም ሰኞ በዚያው ሰዓት ስምንት ቁጥር ክፍል ነው።»

ወደ ሰሌዳው ተጠግቶ አፍንጫው ወረቀቱን እስኪነካ አነበበ። የፊዚክስ መምህሩም ተጠጋ። ሁለቱ እየተከራከሩ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሲሄዱ፣ እኔ ቾኬን ይዤ ወደ ክፍሌ ሄድኩ።